የስለላ መሪ፦ ከፖለቲካ ይምጣ ወይስ ከሙያው?

የአሜሪካን የስለላ ተቋማት ማን ቢመራቸው ይሻላል? ዳን ኮትስንና ጄምስ ክላፐርን ጎን ለጎን እንያቸው (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ልምድ፦ ኮትስ የኢንዲያና ወግ አጥባቂ ሪፐብሊካን ናቸው። በ2017 ብሔራዊ የስለላ ዳይሬክተር (የአገሪቱን የስለላ ተቋማት ሁሉ የሚያስተባብር ኃላፊ) የሆኑት የሕዝብ እንደራሴ፣ ሴናተርና በጀርመን አምባሳደር ሆነው ከሠሩ በኋላ ነው። ክላፐር የአየር ኃይል ጄኔራል ነበሩ፤ በ2010 በዚሁ ሥልጣን ሲሾሙ ስለላ የዕድሜ ልክ ሙያቸው ነበር።

ከምክር ቤት ጋር መግባባት፦ እዚህ ፖለቲከኛው ይቀናዋል። ኮትስን የቀድሞ የሴኔት ባልደረቦቻቸው 85 ለ12 በሆነ ድምፅ አጽድቀዋቸዋል።

አደጋ፦ ፖለቲከኛ ለሾመው ሰው ያደላል ተብሎ ይፈራል። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ የቴክሳሱ የሕዝብ እንደራሴ ጆን ራትክሊፍ በ2020 ለዚሁ ሥልጣን በሴኔት ያለፉት 49 ለ44 በሆነ ጠባብ ድምፅ ነው። ኮትስ ግን በጥር 2019 ሴኔት ፊት ቀርበው፣ ሰሜን ኮሪያ የኑክሌር መሣሪያዋን ሙሉ በሙሉ ትተዋለች ብለው እንደማይጠብቁ በግልጽ ተናገሩ። የሾሟቸው ፕሬዚዳንት ትራምፕ በማግስቱ የስለላ ሰዎቹ ወደ ትምህርት ቤት ይመለሱ ይሆናል ብለው ጻፉ፤ ነሐሴ ላይ ኮትስ ሥልጣን ለቀቁ። ይህን ድፍረት እጅግ አከብራለሁ።

የባለሙያው አደጋ ምስጢር መልመዱ ነው። ክላፐር በመጋቢት 2013 መንግሥት የዜጎችን መረጃ ስለ መሰብሰቡ ለሴኔት የሰጡት መልስ ስህተት ሆኖ ተገኝቶ ይቅርታ ጠይቀዋል።

ተቋማቱ የሕዝብና የምክር ቤት አመኔታ ባጡበት ጊዜ፣ ለመሰናበት የማይፈራ አንጋፋ ፖለቲከኛ ይመረጣል። ችግሩ የድርጅቶቹ ቅንጅትና የቴክኒክ ሥራ ሲሆን ደግሞ ባለሙያው።