ፊታቸውን የመለሰልን ፎቶ ቤት

ፎቶዋ ትንሽ ናት። ሁለት የክብሪት ቀፎ ጎን ለጎን ቢቀመጥ ያህላታል። ከጋዜጣ ተቆርጣ የፎቶዋ ባለቤት ጋሼ ዳዊታቸው ውስጥ አጥፈው አኖሯት። ለዓመታት አንድ ቦታ ላይ ስለታጠፈች እጥፋቱ ነጭ መስመር ሆኗል። መስመሩ ደግሞ በጋሽ ይድነቃቸው ጉንጭ ላይ ነው የሚያልፈው።

እኛ ስድስት የጊዮርጊስ እግር ኳስ ክለብ ደጋፊዎች ነን። በየዓመቱ ነሐሴ 13 ጋሼ ቤት እንሰባሰባለን። ቀኑ ቡሄ ነው። የጊዮርጊስ ተጫዋች፣ የብሔራዊ ቡድናችንም አሠልጣኝ የነበሩት ጋሽ ይድነቃቸው ተሰማ ያረፉትም ነሐሴ 13 ቀን 1979 ነው። ውጪ ልጆች ሆያ ሆዬ ይላሉ፣ እኛ ውስጥ ሙልሙል እየቆረስን ስለ እሳቸው እናወራለን። ዘንድሮ ፎቷቸውን አሳድገን ግድግዳ ላይ እንስቀል ተባባልን። እኔ ተላክሁ። ጋሼም ፎቶዋን ለብቻዋ አልሰድም ብለው አብረውኝ መጡ።

የሄድንበት ፎቶ ቤት አራት ኪሎ አካባቢ፣ ፎቅ ላይ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ድሮ ፒያሳ ነበር። አሮጌ ፎቶ ያድሳሉ፣ ያትማሉ፣ ፍሬም ያደርጋሉ። ስሙን እዚህ አልጽፍም፣ ምክንያቱም የማወራው ጥሩውንም ጥፋቱንም ነው።

መጀመሪያ ጥሩውን ልንገራችሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለችው ልጅ ሐቀኛ ናት። እኛ 60 በ90 ሴንቲ ሜትር ነበር ያሰብነው። ፎቶዋን በማጉያ መስታወት አየችና ጋሼን ወደ እሷ ጠራቻቸው። «አባባ፣ ይዩት። የጋዜጣ ፎቶ በነጥብ በነጥብ ነው የሚታተመው። እኔ ሳሳድገው ነጥቡም አብሮ ያድጋል። በዚያ መጠን ካተምኩት ከቅርብ ሲያዩት ፊት አይደለም የሚታየው፣ ነጥብ ነው» አለቻቸው። 30 በ40 ይሁን፣ ዙሪያውን ሰፋ ያለ ነጭ ጠርዝ እንተውለት ብላ መከረችን። ትልቁን ብታትምልን የበለጠ ገንዘብ ታገኝ ነበር። እሷ ግን ትንሹን መረጠችልን። ለዚህ ብቻ ምስጋና ይገባታል።

ማደሱ 800 ብር፣ ህትመቱና ፍሬሙ 2,400 ብር። ግማሹን ቀብድ ከፈልን። ለነሐሴ 10 ቀጠሩን።

ነሐሴ 10 ስንሄድ ሥራው አልቋል ተባልን። ስክሪኑ ላይ አሳዩን። እጥፋቱ ጠፍቷል። ነጥቡም ጠፍቷል። ቀለም ሁሉ ተቀብቷል። እኔ በጣም ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። ጋሼ ግን ዝም አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ከዚያ «ልጄ፣ ይሄ ማነው?» አሏት።

ልጅቷ ደነገጠች። «እሳቸው ናቸው እንጂ አባባ፣ እርስዎ ያመጡት ነው።»

«አይደሉም። እኔ እኮ አይቻቸዋለሁ። ይሄ ሌላ ሰው ነው።»

ቆይቼ ሳየው እውነታቸውን ነው። ግንባራቸው ላይ የነበረው መስመር የለም። ቆዳቸው እንደ ሕፃን ለስልሷል። ዓይናቸው ያበራል፣ ግን የእሳቸው ዓይን አይደለም። ለካ ፊቱን በኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ፕሮግራም ነው ያሳለፉት። ፕሮግራሙ ነጥቦቹ መሃል የጎደለውን ከራሱ ገምቶ ይሞላል። ሰውየውን አያውቃቸውም። የሚያምር ሰው ሠርቶ ሰጠን። በዚህ በጣም ነው ያዘንኩት። ቢያንስ ሊነግሩን ይገባ ነበር። የምታስታውሱትን ሰው ፊት ሳያስፈቅዱ መለወጥ ቀላል ነገር አይደለም።

ልጅቷ ግን አልተከራከረችም። ወንበር ስባ ጋሼን አጠገቧ አስቀመጠቻቸው። «እሺ አባባ፣ እንደ አዲስ በእጄ ልሥራው። እርስዎ እየነገሩኝ» አለች። ኦሪጅናሏን እንደገና ስካን አደረገች። እጥፋቱን ብቻ በትንሽ በትንሹ እየሞላች ሄደች። ጉንጩን እስኪጨርሱ ከሰዓት በኋላው ሙሉ አለቀ። ጋሼ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ እያደረጉ «እዚህ ጋ ጥላ አለ፣ አታጥፊው» ይሏታል። ግንባራቸው ላይ ያለችውን መስመር ስትመልሳት ጋሼ ጣታቸውን አንስተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ሌላ እርማት አልሰጡም።

እየሠራች ማን እንደሆኑ ጠየቀች። አታውቃቸውም፣ ልጅ ናት። ጋሼ 75 ዓመታቸው ነው፣ ወሬ ካገኙ አይለቁም። ጋሽ ይድነቃቸው ጊዮርጊስ ውስጥ 23 ዓመት መጫወታቸውን ነገሯት። ከዚያ ጥር 13 ቀን 1954ን ጀመሩ። ጥምቀት ካለፈ በሁለተኛው ቀን ነው። የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ከግብፅ ጋር። አሠልጣኙ ጋሽ ይድነቃቸው። ሁለት ጊዜ ተመርተን ሁለት ጊዜ አቻ ሆንን። ሁለተኛዋን ሉቻኖ ቫሳሎ ሲያገባ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ነበር የቀረው። በጭማሪው ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛዋን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን አገቡ። 4 ለ 2። ጋሼ ያኔ የ12 ዓመት ልጅ ናቸው። አራተኛዋን ጎል አላዩም። ፊት ለፊታቸው የነበረው ሰው ሁሉ ዘሎ ተነሣባቸው። የሰው ጀርባ ብቻ ነው ያየሁት ይላሉ።

ልጅቷ ማውሷን ትታ ነበር የምታዳምጠው። በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው 15 ዓመት እንደመሩ፣ የአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ከዓለም እግር ኳስ እንድትገለል እንደታገሉ ስትሰማ «ታዲያ ለምን አላስተማሩንም?» አለች። ጋሼ መልስ አልነበራቸውም። እኔም የለኝም።

ቀለሙን አስወጣነው። ጥቁርና ነጭ ይሁን አልን። የኮታቸውን ቀለም ማናችንም ስለማናውቅ መገመት አልፈለግንም።

ሁለተኛው ጥፋት የጽሑፉ ነው። ነሐሴ 12 ጠዋት ህትመቱን ልቀበል ስሄድ ከሥሩ «ይደነቃቸው ተሰማ» ይላል። አንድ ፊደል ናት፣ ግን ስሙን ትገድለዋለች። ይድነቃቸው ነው እንጂ! ይድነቃቸው ብሎ ያወጣ ሰው ጉድ ይበሉ፣ ይገረሙ ማለቱ ነው። አባትየው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ደግሞ ግጥም አዋቂ ናቸው፣ ድምፃቸው ጀርመን አገር በሸክላ የተቀረፀ። የእሳቸው ልጅ ስም በፊደል ስህተት ሲታተም ዝም ብዬ አልቀበልም። ፎቶ ቤቱ አልተጨቃጨቀም። ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደገና አተመ። ግን እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ፣ ፍሬሙም ገና ሙጫው ሳይደርቅ ነው የወሰድኩት።

ህትመቱ ግሩም ነው። ወረቀቱ ማት ስለሆነ የመብራት ነጸብራቅ አይይዝም፣ ከየትም ማዕዘን ፊታቸው ይታያል። ፍሬሙ ግን ተራ ነው፣ አንዱ ጥግ ትንሽ ተከፍቷል። በዚያ ዋጋ የተሻለ እጠብቅ ነበር።

እናንተም አሮጌ ፎቶ የምታሳድሱ ከሆነ ኦሪጅናሉን ያዙ፣ በስልክ ያነሣችሁትን አትላኩ። ፊቱን በኤአይ እንዳይነኩት መጀመሪያ ተናገሩ። ስሙን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ፣ ሳይታተም በፊትም ራሳችሁ አንብቡት። ከተቻለ ደግሞ ሰውየውን በዓይኑ ያየ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ብቻዬን ብሄር ኖሮ ያንን የማናውቀውን ሰው ተሸክሜ እመጣ ነበር።

ልጅቷ ስንወጣ ለጋሼ የፎቶዋን ልክ የሆነ ላስቲክ ሰጠቻቸው። ከእንግዲህ አያጥፏት አለቻቸው። አሁን ዳዊታቸው ውስጥ ተዘርግታ ነው ያለችው። ታኅሣሥ 2003 ያረፉት የጋሽ መንግሥቱ ወርቁ ፎቶም አለቻቸው፣ እሷም ከጋዜጣ ተቆርጣ። ታኅሣሥ ሲመጣ እዚያው ፎቶ ቤት እንወስዳታለን። ፍሬሙን ግን ሌላ ቦታ እናሠራለን።