«አትግዛ» እያሉ ገንዘቤን ላተረፉልኝ መካኒክ

መኪናችንን ከገዛናት ስምንት ወር ሆነን። ምስጋናውን ያዘገየሁት ሆን ብዬ ነው። በመጀመሪያው ወር የማይመሰገን መኪና የለም። አሁን ግን በረዶውንም ሙቀቱንም አየንባት። አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ።

የማመሰግናቸው ሰው እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ የሚሠሩ መካኒክ ናቸው። ጋራዥ የላቸውም። ያገለገለ መኪና ልትገዛ ስትል አብረውህ ይሄዳሉ። ካርቶን አንጥፈው መኪናው ሥር ይገባሉ። ያለውን ይነግሩሃል። ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ አስጠንቅቀውኛል። «ካወጣህ ቁጥሬን ነው የምቀይረው» ብለዋል። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ አራት ልጆች እና እማዬ። ሰባት ነን። ልጆቹ 9፣ 7፣ 4 እና 1 ዓመታቸው ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ልጅ 8 ዓመት እስኪሞላው በካርሲት ወይም በቡስተር ነው የሚቀመጠው፤ ሕግ ነው። ስለዚህ ሦስት የልጅ ወንበር አለን። ካምሪ ላይ ሦስቱን ጎን ለጎን ለማሰር የታገለ ሰው የጣቱን ቆዳ ይጠይቅ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምንሄደው በሁለት መኪና ነበር። አንዳችን ገብተን ሌላው ፓርኪንግ ፍለጋ ሲዞር ቅዳሴው ይጋመሳል።

እንዲህ እያለን እቁብ ደረሰኝ። 10,000 ዶላር። ካጠራቀምነው 6,000 ጨመርንበት። 16,000፣ ከነታክሱ፣ ከነሰሌዳው። ከዚያ በላይ ብድር የሚባል ነገር ቤቷ እንደማይገባ ባለቤቴ አስቀድማ ተናገረች።

የኔ ልብ ግን ሴኮያ፣ የቶዮታው ትልቅ ጂፕ ላይ ነበር። እውነቱን ልናገር? ሚኒቫን ያስረጀኛል ብዬ ነው። ሠርግ ቤት በር ላይ ሴኮያ ሲቆምና ሚኒቫን ሲቆም አንድ አይደለም። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። «ሰፊ ነው፣ ጠንካራ ነው» እያልኩ ነበር የምዞረው።

በጓደኛ በኩል ለጋሼ ደወልኩ። የ2010 ሴኮያ አግኝቻለሁ፣ መጥተው ይዩልኝ አልኳቸው። ስለ ማይሉ የሚጠይቁኝ መስሎኝ ነበር።

«ስንት ናችሁ?»

«ሰባት።»

«እንግዲያው መኪናው ጋ ሰባታችሁም ኑ። ካርሲቶቹንም አምጣ። ሁለት ባዶ ሻንጣ ያዝ። እናትህም ይምጡ።»

መካኒክ እናቴን ለምን እንደሚፈልግ አልገባኝም። ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም ሄድን። ጋሼ ገና ሞተሩን ሳያዩ እማዬን «እትዬ፣ እስቲ ይግቡ» አሏት። እማዬ እግሯን አነሳች፤ መለሰች። ቀሚሷን ሰብስባ እንደገና አነሳች። ጉልበቷ የታወቀ ነው። ቆማ አየችውና «ልጄ፣ ይሄ በቅሎ ነው እንዴ? እርካቡን የሚይዝ ሰው ሊቆምልኝ ነው?» አለች።

ከዚያ ካርሲቶቹን መሀለኛው ረድፍ ላይ አሰርን። አሁን ትልቋ ልጄ ሦስተኛው ረድፍ ትግባ አሉ። በየት በኩል? ወደ ኋላ ለማለፍ መሀለኛው ወንበር መታጠፍ አለበት፤ ካርሲት የታሰረበት ወንበር ደግሞ አይታጠፍም። ልጅቷ በካርሲቶቹ ላይ ተንጠላጥላ ገባች። ጋሼ ምንም አላሉም። ዝም ብለው አዩኝ።

ቀጥለው ስልካቸውን አውጥተው ማስላት ጀመሩ። በዓመት ስንት ማይል እነዳለሁ? 15,000 ገደማ። ያ ሴኮያ በጋሎን 15 ማይል ከሄደ እሰየው ነው። 1,000 ጋሎን። በዚያው ዘመን የተሠራች ሲዬና፣ የቶዮታዋ ሚኒቫን፣ 21 ገደማ ትሄዳለች። 714 ጋሎን። ጋሎኑን በ3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ብናስበው ልዩነቱ 1,000 ዶላር ነው፤ በየዓመቱ። ደግሞ እዚህ ቨርጂኒያ ከተማው ወይም ካውንቲው በየዓመቱ የመኪናህን ዋጋ ገምቶ ግብር ይልክልሃል። ውድ መኪና የገዛህ ቀን ብቻ አይደለም የምትከፍለው። ይሄን እያወቅሁ ረስቼው ነበር።

«መኪናው ደህና ሊሆን ይችላል» አሉኝ በመጨረሻ። «ላንተ ግን አይሆንም።» ሴኮያው እዚያው ቀረ። ለዚህ አንድ ሳንቲም አልተቀበሉኝም፤ ኮፈን አልከፈትኩም አሉ።

ሚኒቫን ፍለጋ ጀመርን። ጋሼ ሲዬና ብቻ የሚሉ ሰው አይደሉም። የሆንዳው ኦዲሲም ጥሩ ቫን ነው ይላሉ። ግን የኦዲሲው ሞተር የታይሚንግ ቺንጋ አለው። ወደ 100,000 ማይል ሲጠጋ መቀየር አለበት፤ ተበጥሶ ከተገኘ ሞተሩን ይዞ ነው የሚሄደው። ከውሃ ፓምፑና ከእጅ ዋጋ ጋር 1,000 ዶላር አካባቢ ይወጣበታል። የሲዬናው ሲክስ ሲሊንደር ግን ሰንሰለት ነው፤ እንደ ቺንጋው በየጊዜው አይቀየርም። «98,000 የሄደ ኦዲሲ ካየህ፣ ቺንጋው የተቀየረበትን ደረሰኝ ጠይቅ። ከሌለ ዋጋው ላይ 1,000 ቀንስ» አሉኝ። የክራይስለሩን ፓሲፊካም አየን። ወንበሮቹ ወለል ውስጥ መግባታቸው ልጆቹን አስጨፈራቸው፤ በኛ በጀት ያገኘናቸው ግን ሁሉም ብዙ የተነዱ ነበሩ።

የመጀመሪያዋን ሲዬና አንድ ትንሽ መኪና መሸጫ ውስጥ አገኘን። የቱ እንደሆነ አልናገርም። የ2014 ናት፤ 12,900 ዶላር፤ ትብለጨለጫለች። ጋሼ ደርሰው ሰላም ሳይሉ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ። ሞቋል። «ማን ነው ያሞቀው?» ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ የሚያሰማውን ድምፅ የሞቀ ሞተር ይደብቀዋልና። ሻጩ «አሁን ከቦታ ቦታ ስናዘዋውራት ነው» አለ።

ከዚያ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበውን ስካነር ሰኩ። ምንም የብልሽት ኮድ የለም። እኔ ደስ አለኝ። እሳቸው ግን ፊታቸው ተቀየረ። ይሄን ነገር ብታውቁት አይከፋም፤ እኔ በ40 ዓመቴ ነው የሰማሁት። መኪናው የጭስና የነዳጅ ክፍሎቹን ራሱ ይፈትሻል። ሰው ኮዱን ሲያጠፋ ወይም ባትሪ ሲነቅል ያ ፍተሻ ከዜሮ ይጀምራል። ለመጨረስ መነዳት ይፈልጋል። ስካነሩ ታዲያ «ፍተሻው አልተጠናቀቀም» የሚል ምልክት በብዛት ካሳየ፣ ቼክ ኢንጂን የሚለው መብራት የጠፋው ዛሬ ወይም ትናንት ሊሆን ይችላል።

ሻጩ «ባትሪ ቀይረን ነው» አለ። ጋሼ ባትሪውን አሳዩኝ። ጫፉ ላይ አመድ የመሰለ ነጭ ዝገት ተጋግሯል። ከተገጠመ ጀምሮ ቁልፍ የነካው አይመስልም። መስታወቱ ላይ ደግሞ «አዝ ኢዝ» የሚለው ወረቀት ተለጥፏል። ባለበት ሁኔታ ወሰድከው ማለት ነው። ብዙ ሰው በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ እችላለሁ ብሎ ያምናል። እኔም አምን ነበር። ሻጩ በራሱ ፈቃድ ካልጻፈልህ በቀር እንዲህ ያለ መብት የለም።

«አትግዛ።»

ሁለተኛዋ ከግለሰብ ነበረች። ፎቶዋ ሲታይ አዲስ ናት። ውስጧ የመኪና ሽቶ አፍንጫ ይሰብራል። ጋሼ ሞተር አላዩም። ሦስተኛው ረድፍ ገብተው ተቀመጡና የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቡት። የመጨረሻው ስንዝር ላይ ቡናማ መስመር አለ። በጣታቸው ሲያሹት ደለል ነው፤ የደረቀ፣ ዱቄት የመሰለ። የወንበሩ ሐዲድ ሥር ዝገት። ጎርፍ ገብቶባት ነበር ማለት ነው። ሰውዬው የባለቤትነት ወረቀቱን አውጥቶ «ታይትሉ ንጹሕ ነው» ይላል። ጋሼም «ታይትሉ ነው፤ ቀበቶው ግን አይደለም» አሉት። መኪና ከስቴት ወደ ስቴት ሲዛወር የጎርፍ ምልክቱ ከወረቀቱ ላይ የሚጠፋበት ጊዜ እንዳለ የነገሩኝ ስንመለስ ነው።

የዚያን ዕለት 50 ዶላር ብቻ ወሰዱ። ዋጋቸው 100 ነው። «ቀበቶ ስስብ ነው ያለቀው፤ ሥራ አልሠራሁም።»

ቤት ስገባ ባለቤቴ ጠበቀችኝ። «እኒህን ሰውዬ የምንከፍላቸው መኪና እንድንገዛ ነው ወይስ እንዳንገዛ?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ልጆቹም ሰልችቷቸዋል። እኔም በልቤ፣ ሰው ሁሉ እየገዛ እየነዳ እኛ ብቻ ምን ሆነን ነው፣ ማለት ጀምሬ ነበር።

ሦስተኛዋ መጣች። የ2015 ሲዬና፣ ባለ 8 ወንበር፣ 96,000 ማይል። ሻጮቹ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው። ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ የዘይት ቅያሪ ደረሰኝ በላስቲክ ታስሮ ተቀምጧል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር፤ ጋሼ ከመምጣታችን በፊት ማንም እንዳያስነሳው በስልክ ለምነው ነበር። ሥሯ ገብተው 20 ደቂቃ ቆዩ። ሁሉንም ተንሸራታች በር አሥር አሥር ጊዜ ከፈቱ ዘጉ። የኋላውን ኤሲ ለብቻው አበሩ። መንገድ ላይ ካምቢዮው ሲቀያይር ሬዲዮም ወሬም አጥፉ አሉን።

ነውር አላት። አራቱም ጎማዎች አልቀዋል። የግራው በር ሲዘጋ ያመነታል። የመኪናዋን መለያ፣ ቪን የሚባለውን ባለ 17 ፊደልና ቁጥር፣ የፌደራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ሲያስገቡት ደግሞ ያልተሠራ ሪኮል፣ የፋብሪካ የጥገና ጥሪ፣ ተገኘ። ከ2011 እስከ 2016 የተሠሩ ሲዬናዎች በኤሌክትሪክ የሚሠራው ተንሸራታች በራቸው እየሄዱ ሊከፈት ይችላል ተብሎ በ2016 መጨረሻ ተጠርተው ነበር። እኔ ደንግጬ ልተወው አልኩ። ጋሼ ሳቁ። «ይሄ እኮ ቶዮታ በነፃ የሚሠራልህ ነው። መፍራት ያለብህ ማንም ያልጻፈልህን ነው።» እውነትም ወስጄ በነፃ ተሠራልኝ።

15,000 ያሏትን በ14,200 ሰጡን። ታክሱ 4.15 በመቶ፣ 589 ዶላር። ሰሌዳና ታይትል፣ አራት ጎማ፣ የጋሼ 250። ከ16,000ው ላይ ለአንድ ቤንዚን የሚሆን ተርፎን ቤት ገባን።

አቀማመጡንም ያስተካከሉልን እሳቸው ናቸው። የዚች መኪና መሀለኛ ረድፍ መካከል ላይ ትንሽ ወንበር አለች፤ ትነቀላለች። ስትነቀል በመሀል መተላለፊያ ይከፈታል። ትልልቆቹ ሦስቱ በዚያ ገብተው ኋላ ይጣላሉ። እማዬ በሩ ጋ፣ ሕፃኑ አጠገቧ። ወለሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ ማንም እጇን አይዝም። እንግዳ ሲመጣ ወንበሯን እንመልሳታለን። አክስቴና ባሏ ከአዲስ አበባ ሲመጡ እዚሁ ቨርጂኒያ ደለስ (Dulles) ኤርፖርት የተቀበልናቸው በዚችው ነው። አራት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፤ ግማሹ በርበሬና ሽሮ። ከሦስተኛው ረድፍ ኋላ ያለው ጉድጓድ ጥልቅ ነው፤ ሻንጣዎቹ ቆመው ገቡ። «ባዶ ሻንጣ ያዝ» ማለታቸው ያኔ ነው የገባኝ።

ጋሼ ፍጹም ናቸው አልልም። 9 ሰዓት ካሉ 9:40 ነው። ስልክ አያነሱም፤ መልእክት ነው የሚሻለው። እሁድ ጭራሽ አይገኙም። ካምቢዮ አይፈቱም፤ ያየሁትን እነግርሃለሁ እንጂ አልጠግንም ይላሉ። በልጅነታቸው ሱማሌ ተራ ረዳት ሆነው የጀመሩበትን ዘመን ካነሳችሁባቸው ደግሞ አንድ ሰዓት ሄደ በሉ። እኔ በበኩሌ አልከፋኝም። ንግግራቸው ግን ይጎረብጣል፤ የወደዳችሁትን መኪና ፊት ለፊታችሁ «ቆሻሻ» ሊሏት ይችላሉ።

ቁጥራቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ አስፈቅጄ እልካለሁ። ቡና ከገዛችሁላቸው ስኳር አይጨመርበት። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ «ስንት ናችሁ?» ነው። ቆጥራችሁ ደውሉ።