የድጎማ ማዳበሪያ ከማህበር፦ ዋጋው ጥሩ ነው ቀኑ ግን

ዘንድሮ አባቴን ጉልበቱን ስላመመው ማዳበሪያውን ከገበሬዎች ህብረት ስራ ማህበር ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ጎጃም ነው፣ ቀበሌውን አልጠራም። ከተማ ያለን ሰዎች መንግስት ለገበሬ ደጎመ ሲባል ብር በእጁ የሚቆጠርለት ይመስለናል፣ እንደዛ አይደለም፣ ከማዳበሪያው ወጪ የተወሰነውን መንግስት ይሸፍንና ገበሬው ማህበር ሄዶ በቀነሰው ዋጋ ይገዛል፣ በቃ ይሄው ነው።

ዋጋው ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም፣ እንደውም ከልቤ አመሰግናለሁ። ማዳበሪያው በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ነው የሚገባው፣ በ2014 የዩክሬን ጦርነት ዋጋውን ሲሰቅለው መንግስት 15 ቢሊዮን ብር ደጉሟል፣ ከሐምሌ 2016 በኋላ ደግሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፣ ያ ሁሉ እንዳለ ገበሬው ላይ ቢወርድ አባቴ ካለው አራት ቃዳ መሬት ግማሹን ያለ ማዳበሪያ ነበር የሚዘራው።

የሚያናድደው ቀኑ ነው። ስንት ኩንታል ትፈልጋላችሁ ተብለን የተመዘገብነው በጋ ላይ ነው፣ ማለት ፍላጎታችን ከወራት በፊት ይታወቃል። ከዘር ጋር የሚጨመረው ማዳበሪያ (አባቴ ዳፕ ነው የሚለው) ለዘር ደረሰ፣ ጥሩ። ዩሪያው ግን ቀረ። በቆሎ ዩሪያ የሚፈልገው ጉልበት ሲደርስ በሽልሻሎ (የበቆሎው መስመር መሀል በበሬ በሚታረስበት) ጊዜ ነው፣ እኛ ሶስት ቀን ሙሉ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ተሰለፍን፣ መኪናው ነገ ይገባል ይሉናል ነገም አይገባም። አንዲት እናት ህፃን አዝላ መጥታ ሰልፈኛው ራሱ ከፊት አስቀመጣት፣ እሷም ባዶ እጇን ተመለሰች። ከጎኔ የነበሩ ሽማግሌ "ልጄ በቆሎ እኮ ነገ ና ቢሉት አይገባውም" አሉኝ።

ማሳ ስሄድ የታችኛው ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ መሀሉን ይዞ ቢጫ ሆኗል፣ አባቴ አላስችል ብሎት ከነጋዴ ያለ ደረሰኝ 25 ኪሎ ዩሪያ በእጥፍ ዋጋ ገዛ። በድጎማው ያተረፍነው እዛው አለቀ ማለት ነው! የማህበሩ ዩሪያ የገባው ሁለት ሳምንት ተኩል ዘግይቶ ነው፣ ያኔ በቆሎው ደረት ደርሷል።

ሰራተኞቹን አልወቅስም፣ ሚዛናቸው ትክክል ነው፣ ዋጋው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ደረሰኝ ሳትጠይቅ ይሰጡሃል። ለዋጋ 5 ከ5፣ ለሰዓት 1 ከ5 እሰጣለሁ፣ እኔ ግን ትንሽ ተወዶም ቢሆን በጊዜው ቢገባ እመርጣለሁ፣ አባቴን ስጠይቀውም ይሄንኑ ነው ያለኝ።

ወላጆቹን ለመርዳት የሚሄድ ካለ የመሬት ደብተሩን ይዞ ይሂድ፣ እኔ የመጀመሪያ ቀን ረስቼው ተመልሻለሁ። ዩሪያውን ደግሞ ከላይ በትናችሁ አትተዉት አፈር አልብሱት፣ ፀሐይ ላይ ከቆየ ጉልበቱ ተኖ ይሄዳል። ደረሰኙ ላይ ዩሪያ የወጣበት ቀን አለ፣ አስቀምጬዋለሁ፣ በሚቀጥለው ምዝገባ ከኩንታሉ ጎን የምንፈልግበት ሳምንትም ይጻፍልን ብዬ ለዲኤው (ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ) አሳየዋለሁ።