ድሬዎች፣ የአዳራሽ ኮንሰርት «ቪአይፒ» ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ይህን የምጽፈው ገና ንዴቴ ሳይበርድ ነው። ትናንት ማታ እዚሁ ድሬዳዋ በአንድ የስፖርት አዳራሽ በተዘጋጀ ኮንሰርት እናቴን ይዤ ገብቼ ነበር። ሁለት የቪአይፒ ትኬት፣ አንዱ 2,000 ብር። ወንበራችን ለሌላ ሰው ተሸጦ፣ ትኬታችንን ተቀምተን፣ ተሰድበን ወጣን። እነዚሁ ሰዎች የሚቀጥለውን ዝግጅት ማስተዋወቅ ጀምረዋል፤ ለዚህ ነው ሳላድር የምጽፈው።

አዘጋጆቹን ታውቋቸዋላችሁ። በዓል ሲቃረብ ብቅ ይላሉ፤ ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ጭነው ከሳቢያን እስከ መጋላ ሲጮኹ ይውላሉ። ትኬቱ ከዚራ ሰፈር አንድ ቡቲክ ውስጥ ይሸጣል፣ ብሩ በቴሌብር ወደ ግለሰብ ስልክ ይገባል፣ ደረሰኝ ሲጠየቁ «ትኬቱ ራሱ ደረሰኝ ነው» ይላሉ። በር በ12 ሰዓት ይከፈታል ተብሎ ዘፋኙ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ይመጣል። ይህን ሁሉ ለምደነዋል፣ ችለነዋል። ቁጥር የተጻፈበት ወንበር ሸጦ ያንኑ ወንበር መልሶ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

እናቴ የምትኖረው ሐረር ነው። ዘፋኙን ከወጣትነቷ ጀምሮ ትወደዋለች፣ በአካል አይታው ግን አታውቅም። ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ አትወጣም። ቪአይፒ የገዛሁትም ታች፣ ወንበር ላይ እንድትቀመጥልኝ ብዬ ነው። ለሻጩ ይህንኑ ነግሬዋለሁ። «ችግር የለም፣ ታች ነው፣ የራሳችሁ ቁጥር አላችሁ» አለኝ። እሷም የአበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣጥፋ ይዛ፣ በደንገጎ ቁልቁል መጣች።

አዳራሹ ውስጥ የቅርጫት ኳስ ሜዳው ላይ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፎ ነጭ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ወንበር ጀርባ ላይ ቁጥሩ በወረቀት ተጽፎ በፕላስተር ተለጥፏል። የኛ «ለ14» እና «ለ15» የሚል ነበር። ስንደርስ አንድ ወጣት ከእጮኛው ጋር ተቀምጦበታል። በትህትና ጠየቅኩት፤ እሱም በትህትና ትኬቱን አወጣ። ለ14። እጮኛው ለ15። ልጁ ደነገጠ። ቶሎ ብሎ ተነስቶ «እናቴ፣ እርስዎ ይቀመጡ» አላት። እግዜር ይስጠው።

ይኼኔ ነው መገናኛ ሬዲዮ የያዘው አስተባባሪ የመጣው። የልጁንም የኛንም ትኬቶች ተቀብሎ ጎን ለጎን ይዞ በስልኩ መብራት አያቸው። ቁጥሩ አንድ፣ ማህተሙ አንድ፣ ፊርማው አንድ። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ የልጁን መለሰለት፣ የኛን ሁለቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተታቸው። «ቀድሞ የገባ ይቀመጣል። እናንተ ላይ ውጡ» አለ። ትኬቴን መልስልኝ አልኩት። «የምን ትኬት?» አለኝ። ዓይን ዓይኔን እያየ፣ እጁ ገና ከኪሱ ሳይወጣ።

እናቴ «ልጄ፣ ደረጃ መውጣት አልችልም፣ ጉልበቴን ያመኛል» አለችው። እንዲህ ሲል መለሰላት፦ «አቦ ማዘር፣ ጉልበት ከሌለሽ ኮንሰርት ምን ልትሠሪ መጣሽ? ቤትሽ አትቀመጪም?» አጠገቡ የነበሩት ጠባቂዎች ሳቁ። እናቴ መልስ አልሰጠችም፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች። 4,000 ብሩ ይቆጨኛል፣ ሠርቼ ያመጣሁት ነው። የዚያ ሰው ንግግርና የነዚያ ሳቅ ግን እስካሁን ደረቴ ላይ ተቀምጧል።

ደግፌ አወጣኋት። የቀረልን ቦታ ከመድረኩ ጀርባ ያለው የሲሚንቶ ደረጃ ነበር። ከዚያ የሚታየው ጥቁር መጋረጃና የከበሮ መቺው ጀርባ ነው። እንዲህ ያለ አዳራሽ የተሠራው ለጨዋታ ስለሆነ ተመልካቹ ሜዳውን ከየአቅጣጫው ከብቦ እንዲያይ ነው የተደረደረው። መድረክ በአንዱ ጫፍ ሲተከል ከኋላው ያለው ደረጃ ጭራሽ መሸጥ የሌለበት ቦታ ይሆናል። ስፒከሮቹ ፊታቸውን ወደ ወዲያኛው ስላዞሩ ወደኛ የሚመጣው ከግድግዳና ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚመለስ ጩኸት ብቻ ነው፤ ግጥሙ አይለይም። ሙቀቱን አታንሱት፤ በዚህ በድሬ ሙቀት መስኮቶቹ ተዘግተዋል፣ የያዝነውን ውሃ በር ላይ ነጥቀውናል።

ደግሞ «በስህተት ተደራርቦ ነው» የሚል እንዳይመጣብኝ። የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 ሜትር በ15 ሜትር ነው፣ 420 ካሬ። መድረኩ፣ የሳውንድ ጠረጴዛውና መተላለፊያው ሲቀነስ ስንት ወንበር እንደሚገባ ማንም አዘጋጅ ትኬቱን ከማሳተሙ በፊት ያውቃል። አንድ ቁጥር ያለው፣ አንድ ማህተም ያረፈበት ሁለት ትኬት በስህተት አይታተምም። አስተባባሪውም ትኬቱን ኪሱ የከተተው ማስረጃ መሆኑ ስለገባው ነው።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴው ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፣ ሸማቹም በትህትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብም የመጠበቅ መብት እንዳለው ይናገራል። እኔ ከቴሌብር መልእክቱ በቀር በእጄ ምንም የለም፤ እሱም የግለሰብ ስም እንጂ የድርጅት ስም የለበትም። ቢሆንም ይዤው ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ።

እናንተ ከገዛችሁ ትኬቱን በር ሳትደርሱ ፎቶ አንሱት፣ ለግለሰብ ስልክ አትክፈሉ፣ መድረኩ በየትኛው ጫፍ እንደሚተከልም ጠይቁ።

ለ14 ላይ የተቀመጥከው ወንድሜ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰህ እባክህ ትኬትህን አትጣለው። ከኛ ጋር አንድ ቁጥር እንደነበረው የሚያሳይ የቀረ ነገር እሱ ብቻ ነው፣ ያየኸውንም ንግድ ቢሮ ቀርበህ ብትናገርልኝ ውለታህን አልረሳም። እዚህ ሥር ጻፍልኝ።