እንቅልፍ ያመጣል ተብሎ የሚሸጠው የፔፕታይድ ብልቃጥ

በአሜሪካ በፋርማሲስትነት ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በሌሊት ተረኛነት የምትሠራው ታናሽ እኅቴ በኢንተርኔት የገዛችውን ብልቃጥ ይዛ መጥታ «ወንድም ጋሼ፣ ይህን ብወጋ እንቅልፌ ይመለስ ይሆን?» ስትለኝ፣ ቶሎ እንቢ ከማለት ዕቃውን በደንብ መመርመር መረጥሁ።

ብልቃጡ ከአውራ ጣት አይበልጥም። በሥሩ እንደ ጨው የነጣ ጥቂት ዱቄት ተጣብቋል፤ ምልክቱ ላይ «ዲ ኤስ አይ ፒ፣ 5 ሚሊ ግራም» ከሚለው ሥር በደቃቅ ፊደል «ለምርምር ብቻ፤ ለሰው አይሰጥም» ተብሎ ተጽፏል። የአጠቃቀም መግለጫ የለውም፤ ሙቀት በበዛበት ሳምንት የተላከው በተራ ፖስታ ነው። ሻጩ በገጹ እንቅልፍን፣ ጭንቀትንና ሕመምን ይፈውሳል እያለ በብልቃጡ ላይ ለሰው አይሰጥም ማለቱ በጣም አሳዝኖኛል።

ፔፕታይዱ፣ ማለትም የፕሮቲን መገንቢያ የሆኑት አሚኖ አሲዶች ተያይዘው የሠሩት አጭር ሰንሰለት፣ ግን ተረት አይደለም። የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች በባዝል ከተማ፣ አንጎላቸው በኤሌክትሪክ ተነክቶ ከተኙ ጥንቸሎች ደም ለይተው ያወጡት ሲሆን፣ ከዘጠኝ አሚኖ አሲዶች መሠራቱን እ.ኤ.አ. በ1977 አሳውቀዋል። ሌሎች ጥንቸሎች ሲሰጣቸው የጥልቅ እንቅልፍ ምልክት የሆነው የዴልታ ሞገድ በአንጎላቸው ስለጨመረ «የዴልታ እንቅልፍ አምጪ ፔፕታይድ» የሚለውን ስሙን፣ በእንግሊዝኛ ሲያጥር ዲ ኤስ አይ ፒ፣ ከዚያ አገኘ። በ1984 የቆየ ሕመም ባለባቸው 7 ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ የ6ቱ ሕመም ቀንሷል፤ ይህ ተስፋ የሚሰጥ ቢሆንም የሰዎቹ ቁጥር እጅግ ጥቂት ነው። ጭንቀትን በሚመለከት የሚነገረው በአብዛኛው ከአይጥ ሙከራ የተገኘ ነው።

ለእኅቴ ጥያቄ ይበልጥ የሚቀርበው በ1992 የወጣው ጥናት ነው። እንቅልፍ ማጣት በጸናባቸው 16 ሰዎች ላይ፣ ሰጪውም ተቀባዩም የትኛው መድኃኒት የትኛው ማስመሰያ እንደሆነ ሳያውቁ ተሞክሮ፣ የታየው ለውጥ ደካማ ስለነበር አጥኚዎቹ ለሕክምና ብዙ እንደማይጠቅም ደምድመዋል። በዚያ ላይ ፔፕታይዱ ደም ውስጥ ቶሎ ይፈራርሳል፤ በሰውነት ሴሎች ላይ በእርግጠኝነት የሚያርፍበት ተቀባይ (ሪሴፕተር) ም ሆነ እሱን የሚሠራው ጂን እስካሁን አልተለየም። በቀደሙት ጥናቶች የተሰጠው በሐኪም ቁጥጥር፣ በደም ሥር፣ ቀስ እያለ ነበር፤ በመኝታ ቤት ከቆዳ ሥር የሚወጉት መርፌ ከዚያ ጋር አንድ አይደለም። ንጽሕናው ያልተረጋገጠ ዱቄት በመርፌ መስጠት ደግሞ ኢንፌክሽን ሊያስከትል ስለሚችል፣ በእኔ ሚዛን ይህ ብቻውን ዕቃውን ለመጣል ይበቃል።

ስለዚህ ማንም እንዲገዛው አልመክርም። ብልቃጡን ሳይከፈት ከሚወገዱ መድኃኒቶች ጋር ጨምሬዋለሁ፤ እኅቴም ከእንቅልፍ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዛለች፤ እስከዚያው ከሥራ ስትመለስ የምትተኛበትን ክፍል መስኮት በወፍራም ጥቁር መጋረጃ ሸፍነንላታል።