በልክ የተሠራ ጠረጴዛና ለድሬ ሙቀት የማይሆን ወንበር

ከቤት ሆኜ ለመሥራት ጠረጴዛውን ድሬዳዋ ውስጥ ሳቢያን አካባቢ ባለ አነስተኛ የእንጨትና የብረት ሥራ ቤት አሠራሁ፤ ወንበሩን ግን ከአንድ የቢሮ ዕቃ መደብር ዝግጁውን ገዛሁ። ሁለቱም ለወራት አገልግለውኛልና ተመሳሳይ ዕቃ ለመግዛት ላሰበ ሰው የታዘብኩትን እጽፋለሁ።

ዝግጁ ጠረጴዛዎች አብዛኛውን ጊዜ 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ስላላቸው፣ ቁመቱ አጠር ያለ ሰው ሲጽፍ ትከሻውን ሰቅሎ መዋል ግድ ይሆንበታል። ባለሙያው ግን እንደምሠራው አስቀምጦኝ፣ ክርኔን ወደ 90 ዲግሪ አሳጥፎ፣ ከወለሉ እስከ ክርኔ ያለውን በሜትር ከለካ በኋላ እግሩን 70 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆረጠው። እግሩ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት)፣ ገበታው ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) ነው፤ ኤምዲኤፍ እርጥበት ካገኘው የሚያብጠው ከጠርዙ ጀምሮ ስለሆነ ዙሪያውን በፕላስቲክ ጠርዝ አሽጎታል። ከሁሉ የወደድኩት ከሥር የሠራልኝን ባለ ቀዳዳ የላሜራ መደርደሪያ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚያገለግለኝን ዩፒኤስ እዚያ ላይ አስቀምጫለሁ፤ በዩፒኤስ ውስጥ ያለው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ስለሚቀንስ፣ አየር የሚያገኝበት ቦታ በድሬዳዋ ቅንጦት አይደለም። ላፕቶፑም ቢሆን ብዙ አምራቾች እስከ 35 ዲግሪ ባለ ክፍል ውስጥ እንዲሠራ ብቻ ስለሚመክሩ፣ የግንቦትና የሰኔ ቀትር ለእሱም ፈተና ነው።

ቅሬታ የለኝም ማለት አይደለም። ቀብድ ከተቀበሉ በኋላ የተባለው ቀን አለፈ፤ የአንዱ እግር ብየዳም በደንብ ስላልተሞረደ ሱሪ ይይዝ ነበር። ስደውልላቸው ግን ግራይንደራቸውን ይዘው ቤቴ ድረስ መጥተው ያለ ተጨማሪ ክፍያ አስተካከሉት።

ወንበሩን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ከፍ ዝቅ ይላል፣ ይሽከረከራል፣ የወገብ ድጋፉም መልካም ነው። ነገር ግን ጀርባውና መቀመጫው በሰው ሠራሽ ቆዳ የተለበጠ ወፍራም ስፖንጅ ስለሆነ ላብ መውጫ አያገኝም፤ ቬንትሌተር ፊት ለፊት እየነፈሰ እንኳ ረፋድ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ሸሚዝ ከጀርባ ጋር ይጣበቃል። ሻጩ «የሥራ አስኪያጅ ወንበር ነው» ሲል አሞግሶት ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ኤሲ ያለው ቢሮ ውስጥ እንደሚቀመጥ ግን አልጨመረም። በዚያው መደብር መረብ ጀርባ ያለው ወንበር በተቀራራቢ ዋጋ ስለሚሸጥ፣ ለድሬ ነዋሪ የምመክረው እሱን ነው። እኔ ግን የወንበሩን ቆዳ አስገፍፌ ጀርባውን በናይሎን ለማስጠለፍ ለዚያው ለሳቢያኑ ሥራ ቤት ቀብድ ከፍያለሁ፤ የቀጠሮውን ቀን በተመለከተ ግን በዚህኛው ጊዜ ጥቂት ቀናት ጨምሬ አስቤያለሁ።