ባለ ኤን14 ሞተር የ1997 ኬንዎርዝ፦ ከ14 ወር በኋላ

ሊብሬ እያየ ያደገ ሰው አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ትራክ ሲገዛ መጀመሪያ የሚሸወደው በወረቀቱ ነው። አገር ቤት ሊብሬው ላይ ሻንሲ ቁጥርና ሞተር ቁጥር አብረው ይጻፋሉ። እዚህ ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ የሚሰፍረው ቪን፣ ማለትም የሻንሲ ቁጥሩ፣ ብቻ ነው፤ ሞተሩ ሁለቴም ሦስቴም ተቀይሮ ቢሆን ወረቀቱ ትንፍሽ አይልም። እኔ ይህን የተማርኩት ቀብድ ልከፍል ጥቂት ሲቀረኝ ነው።

የምጽፈው ስለ ኬንዎርዜ ነው። ደብልዩ 900ኤል፣ ሞዴሉ 1997 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ ኮፈኑ ረጅም፣ ካምቢዮው ባለ 13፣ ሞተሩ ከሚንስ ኤን14። የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። በራሴ ትራክ መሥራት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ በዚህኛው 14 ወር።

«ሰው አዲስ ይገዛል፣ አንተ ሙዚየም ገዛህ» ላለኝ ወንድሜ የሰጠሁትን መልስ ላስቀድም። ከዲሴምበር 18 ቀን 2017 ጀምሮ ኢኤልዲ (የመንዳት ሰዓትን የሚመዘግበው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ) ግዴታ ሲሆን፣ ሞተራቸው ከ2000 ሞዴል በፊት የሆነ ትራኮች ነፃ ተደርገዋል። ደንቡ የሚያየው የሞተሩን ዓመት ነው፤ ካቢኑ የፈለገውን ዓመት ይሁን። ሰዓት ለመስረቅ አስቦ የሚገዛ ካለ ግን ይቅርበት። የ11 ሰዓት መንዳቱም የ14 ሰዓት የሥራ ቀን ገደቡም እንዳለ ነው፤ ሎጉን በወረቀት ትሞላለህ፣ በቃ። ለእኔ ትልቁ ምክንያት ዴፍና ዲፒኤፍ (የአዳዲሶቹ ትራኮች የጭስ ማጽጃ ፈሳሽና የጥቀርሻ ማጣሪያ) የሌለው መሆኑ ነው። በፊተኛው ትራኬ በአንዲት ሴንሰር ምክንያት ዋዮሚንግ በረዶ ላይ ሁለት ሌሊት አድሬያለሁ።

መጀመሪያ ልገዛ የነበረው ግን ሌላ ነበር። የቪኑ አሥረኛ ፊደል ኤክስ ናት፣ ኤክስ ማለት 1999፤ እስከዚህ ልክ። ሻጩ «ኤን14 ሴሌክት ፕላስ፣ 525 ፈረስ ጉልበት፣ ከኢኤልዲ ነፃ» ብሎ ነው ያወጣው። ኮፈኑን ሲከፍተው ሦስቱም የቫልቭ ክዳኖች ደማቅ ቀይ። ባለ 525ቱ በቀይ ክዳኑ ስለሚታወቅ ልቤ ዘለለ። ደግነቱ ጋሼን ይዤ ነበር የሄድኩት።

ጋሼ የአሰብ መንገድ ሳይዘጋ ፊያት 682 ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ዛሬም ቴስታታ (የሲሊንደር ክዳን)፣ ካሚቻ (ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ)፣ ብሮንዚና (ዘንጉ የሚዞርበት ሽፋን)፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እያሉ ነው የሚያወሩት፤ የዚህ አገር ሜካኒክ ቢሰማቸው ምግብ የሚያዙ ይመስለዋል። ክዳኑን በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉና ጥፍራቸውን አሳዩኝ። ቀይ። «ቀለም ፈረስ አይጨምርም» አሉ።

ዘሩ ግን እውነት ነበር፤ ኤን14 ነው። ካት 3406ኢም ዲትሮይት ሲሪስ 60ም ቴስታታቸው አንድ ወጥ ነው፤ ከሚንሱ ለየሁለት ሲሊንደር አንድ፣ በድምሩ ሦስት ቴስታታ አለው። ከሱ በፊት የነበረው ቢግ ካም የሚባለው የከሚንስ ሞተርም ሦስት ነው። ያኛው ፒቲ በሚባል የናፍታ ፖምፓ የሚሠራ ሲሆን፣ ሴሌክቱ በግራ ጎኑ ኮምፒውተር ተለጥፎበታል። ዓመቱንና ጉልበቱን ግን በዓይን አታውቀውም። ከፊት የማርሽ ክዳኑ ላይ ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች፤ እሷም በዚያው ቀይ ተቀብታለች። ጋሼ በብሬክ ክሊነርና በጨርቅ ቀስ ብለው አጸዷት። የሚፈለጉት ቁጥሮች ሁለት ናቸው፦ የሞተሩ ተከታታይ ቁጥር፣ እና ሞተሩ በየትኛው የዕቃ ዝርዝር እንደተገጠመ የሚናገረው ሲፒኤል። ተከታታይ ቁጥሩን የከሚንስ ኩዊክሰርቭ ገጽ ላይ አስገባሁት። መጣ፦ 435 ፈረስ ጉልበት፣ የተገጠመው ማርች 2000።

የ2000ን ገደብ ያለፈው ከሦስት ወር በላይ አይደለም፤ አልፏል ግን። ሻጩን ስጠይቀው «እኔም ስገዛው እንዲህ ነው የነገሩኝ» አለ። የዋሸኝ አይመስለኝም። በባለቤት በባለቤት ሲተላለፍ ሰሌዳዋን የጠረጋት ሰው አልነበረም።

ኬንዎርዙን ያየሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሰሌዳዋ ንጹሕ፣ ሴሌክት ፕላስ፣ 435፣ 1997። ሻጩን አስቀድሜ «እስክንመጣ እንዳታስነሳው» ብዬው ነበር። ጋሼ ሰላም ሳይሉት በፊት እጃቸውን ብሎኩ ላይ ጫኑ። ቀዝቃዛ ነው። ተሞቆ የጠበቀ ሞተር ቢሆን ኖሮ ወደ ቤት እንደምንመለስ መንገድ ላይ ነግረውኛል። ሲነሳ ነጭ ጭስ አወጣ፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ጠራ። ሰማያዊ ቢሆን ዘይት እየበላ ነው፤ ነጩ አልጠፋ ቢል ደግሞ ሌላ ጣጣ።

ሲሞቅ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተው ገልብጠው አፉ ላይ አስቀመጡት። ፋሻና ካሚቻው ያለቀ ሞተር ከታች ይተነፍስና ክዳኑን አንጥሮ ይጥለዋል። የኛው ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ተቀመጠ። የዘይት ግፊቱ በደንብ ከሞቀ በኋላ ባዶ ላይ 20 ነበር። የራዲያተሩን ውሃ በመመርመሪያ ወረቀት ለኩት፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። የኤን14 ካሚቻ በውጭ ጎኑ ውሃ ውስጥ የተነከረ ስለሆነ፣ በውሃው ውስጥ መኖር ያለበት መከላከያ ካነሰ ብረቱ ከውጭ እየተቦረቦረ ይበሳል፤ ያን ጊዜ ውሃው ዘይት ውስጥ ነው።

ሻጩ «ሞተሩ ተሠርቷል» ሲል ጋሼ «ምኑ?» አሉት። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰው ፋሻና ብሮንዚና ቀይሮም ተሠርቷል ይላል። ደረሰኝ ነበረው፤ ስድስት ካሚቻ፣ ስድስት ፒስተን፣ ብሮንዚና፣ ቴስታታ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)። ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ) የለበትም፤ አሮጌው ነው ማለት ነው። ዳሽቦርዱ 312,000 ማይል ይላል። ኮምፒውተሩን ስናነበው 1,312,000 ሆነ፣ የተቃጠለው ናፍታ ደግሞ 220,000 ጋሎን ገደማ። ጋሼ ከማይሉ ይልቅ ናፍታውን ያምናሉ፤ ምን ያህል እንደደከመ የሚናገረው የበላው ነው ይላሉ።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ለላብራቶሪ የላክነው የዘይት ናሙና ነው። ሲሊከን ቢበዛ አቧራ እየገባ ነው፣ ሶዲየም ቢታይ የራዲያተር ውሃ፣ እርሳስና መዳብ ቢከማች ብሮንዚናው እየተበላ ነው። የኛው በሁሉም ደህና ሆኖ ናፍታ ተገኘበት። ኤን14 ናፍታውን በቴስታታው ውስጥ በተቦረቦረ መስመር ነው ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚልከው፤ የኢንጀክተሩ ጎማ ቀለበት ሲያረጅ ናፍታው ወደ ዘይቱ ይወርዳል። የታወቀ ሕመሙ ነው፣ ሞት አይደለም። ውጤቱን ለሻጩ አሳየሁት፣ ዋጋው ከ37,500 ወደ 33,500 ዶላር ወረደልኝ። ምርመራው የፈጀብኝ የዘይቱ ክፍያና ጋሼን ምሳ የጋበዝኩበት ነው። ጋሼ ገንዘብ አልቀበልም ብለው አስቸግረውኛል።

አሁን ስለ መንዳቱ። 435ቱ ሙሉ ጭነት ይዞ ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ሲወጣ አይሮጥም። አይዘንሃወር ዋሻ ከባሕር ወለል 11,000 ጫማ በላይ ነው፤ እዚያ ስደርስ አዳዲሶቹ በግራ ያልፉኛል። መውረዱ ላይ ግን ጄክ ብሬኩ (ሞተሩ ራሱ ትራኩን እንዲይዝ የሚያደርገው) ፍሬን ሳልነካ ይዞ ያወርደኛል። ይህን ብሬክ የፈለሰፈው የከሚንስ ኩባንያ መሥራች ክሌሲ ከሚንስ ራሱ ነው፤ በ1931 ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሆን ፓስን ሲወርድ ፍሬን ከድቶት ለጥቂት ከባቡር ጋር ሳይጋጭ ተርፏል፣ ሐሳቡም ከዚያ ነው የመጣው። ዳገት ላይ የማጉረመርምበትን ቁልቁለት ላይ እመርቀዋለሁ።

ናፍታው በጋሎን 5.8 ማይል ነው። ወጪ፦ የኢንጀክተር ቀለበቶች፣ አንድ ሞተሪኖ፣ የውሃ ፖምፓ። መንገድ ላይ የቆምኩት አንዴ፣ ያውም ግማሽ ቀን። ኤር ኮንዲሽነሩ ግን ደካማ ነው፣ ካቢኑም ይጮሃል፤ ስልክ ላይ ሚስቴ «ወፍጮ ቤት ነህ ወይ?» ትለኛለች።

ካሊፎርኒያ የለመደ ሰው ይህን ትራክ አይግዛ። ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ እዚያ ከ2010 በፊት የሆነ ሞተር ያለው ከባድ ትራክ አይሠራም፣ የሌላ ስቴት ታርጋም አያድንህም። በዚህ ምክንያት በደህና ዋጋ የመጡ ሎዶች አምልጠውኛል። ሌላው፣ ሞተር የተቀየረበት ትራክ ከሆነ የለውጡ ሰነድ በሥራ ቦታህ መቀመጥ አለበት። ትራኩ ውስጥ መያዝ ግዴታ ባይሆንም እኔ የሰሌዳዋን ፎቶ ስልኬ ላይ አኑሬያለሁ፤ ሚዛን ጣቢያ ሁለቴ ክርክር አሳጥሮልኛል።

ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለካሊፎርኒያና ለጩኸቱ ነው። አሁን በግራ ጎኑ፣ ካም ፎሎወሮቹ (የካምሻፍቱን ግፊት ወደ ላይ የሚያስተላልፉት) ካሉበት ሳጥን ጓርኒሲዮን ዘይት ያልባል። በሚቀጥለው ወር ይፈታል፤ ሳጥኑ ሲወርድ ያ አሮጌ ካምሻፍት ምን እንደሚመስል አብረን እናያለን። ጋሼ ቡናውን ይዘህ ና ብለውኛል።